የወተት ጥርስ ሲበላ፦ ይሞላ፣ ይነቀል ወይስ ይቆይ?

ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላት አካባቢ በግራ በኩል ማኘክ ተወች። እኔ አላስተዋልኩም። ያየችው እናቴ ናት። «ይቺ ልጅ ጉርሻውን ሁሉ ወደ አንድ ጉንጯ ነው የምትወስደው» አለችኝ። በስልኬ መብራት አፏን ከፍቼ ሳይ፣ ከኋላ መንጋጋዋ ላይ ምስር የሚያህል ጉድጓድ አለ።

የቀጣዩ ሳምንት ነገር አይወራ። የመጀመሪያው ክሊኒክ «የወተት ጥርስ ነው፣ ለማንኛውም ይወድቃል፣ ይነቀል» አለ። ሁለተኛው «ይሞላ» አለ። ሦስተኛው «ነርቩ ጋ ደርሷል፣ ታክሞ ብረት ይልበስ» ብሎ ዋጋውን ሲነግረኝ ወንበሩን ያዝኩ። ፋርማሲ የምትሠራ ጎረቤቴ «አሞክሳሲሊን ስጪያት» አለች። እናቴ ደግሞ «ትል ነው የበላት፣ ቅርንፉድ አድርጊበት» አለች። ለአንዲት ጥርስ አምስት መልስ!

በኋላ ስረዳው ከአምስቱ ሦስቱ ትክክለኛ መልሶች ናቸው። ችግሩ ለተለያየ ጥርስ መሆናቸው ነው። መንቀል ትክክል የሚሆንበት ልጅ አለ፤ መሙላት ትክክል የሚሆንበትም አለ። ግን አንዳቸውም በምን መለኪያ እንደመረጡ አልነገሩኝም። ስለዚህ ከመለኪያው ልጀምር።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

ጉድጓዱ ምን ያህል ጠልቋል? በቤት ውስጥ በግምት አራት ደረጃ መለየት ይቻላል። የመጀመሪያው ድድ ጠርዝ ላይ የሚታይ ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት ነው፤ ገና ጉድጓድ የለውም። ሁለተኛው ቡናማ ወይም ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ልጁ ግን «አመመኝ» የማይልበት ነው። ሦስተኛው ጣፋጭ ወይም ቀዝቃዛ ሲነካው አሞት ወዲያው የሚተወው ነው። አራተኛው ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ወይም ድዱ ላይ ብጉር የመሰለ እብጠት ያለበት። ሦስተኛውና አራተኛው መካከል ያለው ልዩነት ሁሉን ነገር ይቀይራል፤ አራተኛው ላይ ነርቩ ተነክቷል ማለት ነው። ቁርጡን ግን የሚናገረው ኤክስሬይ ነው።

ጥርሱ ስንት ዓመት ቀረው? እኔ ብሆን ከሁሉም የማስቀድመው ይሄን ነው። የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። የፊቶቹ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ይወድቃሉ። መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ። «ለማንኛውም ይወድቃል» ለአሥር ዓመት ልጅ መንጋጋ እውነት ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ መንጋጋ ግን ገና ከአምስት ዓመት በላይ እንጀራ የምታኝክበት ጥርስ ነው። ደግሞም ከሥሩ ለሚመጣው ቋሚ ጥርስ ቦታ ይዞ የሚጠብቅ እሱ ነው።

ልጁ ወንበር ላይ ይቀመጣል ወይ? የሦስት ዓመት ሕፃን አፉን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት አይቀመጥም። በዓለም ላይ ምርጥ የተባለው ሙሌት እየተንፈራገጠ ላለ ልጅ ከተሠራ በወሩ ይወድቃል።

ገንዘብና መመላለስ። ዋጋ ሲባል የክሊኒኩን ደረሰኝ ብቻ አትዩ። ከሥራ የቀራችሁበትን ቀን፣ የትራንስፖርቱን ደምሩ። ከሁሉ በላይ «ይሄ ሥራ ከወደቀ ስንት ጊዜ ይደገማል?» የሚለውን ደምሩ።

መልክና በአካባቢያችሁ መገኘቱም አለ። እነሱን በየቦታቸው እነካቸዋለሁ።

ትሉ የት ሄደ?

እናቴን ላለማስቀየም ያህል፦ ትል የለም። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመርታሉ። አሲዱ የጥርሱን ቅርፊት ያሟሟል። ምራቅ ደግሞ ቀስ ብሎ አሲዱን ያረግባል፣ የተሟሟውንም በመጠኑ ይጠግናል። ለዚህ ግን ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ለዚህ ነው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹም ወሳኝ የሆነው። ምሳ እንደበላ ሁለት ከረሜላ አከታትሎ የጨረሰ ልጅ ጥርሱን አንድ ጊዜ አሲድ መታው። ጁስ በኮዳ ይዞ ከሰዓቱን ሙሉ በየአሥር ደቂቃው የሚጎነጭ ልጅ ግን ምራቁ ዕረፍት አላገኘም። ከዚህም የሚብሰው ሌሊት ነው። ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል። ስኳር የገባበት ወተት ወይም ሻይ በጡጦ ይዞ የሚተኛ ሕፃን፣ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ሌሊቱን ሙሉ ስኳር ውስጥ ያድራሉ። ይሄን የማወራው ከውጭ ሆኜ አይደለም። ትንሹ ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላው አራቱ የላይ የፊት ጥርሶቹ የቆሸሸ ጠመኔ መስለው ነበር። ጡጦውን የምሰጠው እኔ ነበርኩ፤ እንዲተኛልኝ ብዬ።

መከላከያውን ስንመርጥ

ገበያ ላይ ያለው ነገር ብዙ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ «ኮልጌት ስጠኝ» ስትሉ ባለሱቁ የፈለገውን ቢሰጣችሁ አይፈረድበትም፤ አገራችን ውስጥ ስሙ የሁሉም ሆኗል። እናንተ ግን ስሙን ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ።

ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና። በርካሽነትም፣ በተፈተነ ውጤትም የሚደርስበት የለም። ቱቦው ላይ በላቲን ፊደል ሁለት ፒ እና አንድ ኤም ተጽፎ ከጎኑ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር 1000 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ 1450 የሚልም ታገኛላችሁ። መጠኑ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል ብቻ። ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል። ማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ሙሉ የሚሸፍነው የጥርስ ሳሙና ለሻጩ እንጂ ለልጃችሁ አይጠቅምም። ጥርስ ከመጀመሪያዋ ጥርስ ጀምሮ ይቦረሻል፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት። ከዚያ መትፋት እንጂ መጉመጥመጥ የለም። ተጉመጥምጦ ከተፋ መድኃኒቱን አጥቦ ጣለው። እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ድረስ ደግሞ የሚቦርሸው ወላጅ ነው። ጫማውን በወጉ ማሰር ያልቻለ ልጅ የኋላ መንጋጋውን በወጉ አይቦርሽም።

«ለልጆች» የሚሉት ፍሎራይድ የሌላቸው። ካርቱን አላቸው፣ እንጆሪ እንጆሪ ይላሉ፣ «ቢዋጥም ችግር የለውም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ቢዋጥ ችግር የለውም። ጥርስን ከመበስበስ የሚከላከለው ነገር ግን ውስጡ የለም። ከሰል ያለባቸውም እንደዚያው ናቸው፤ በዚያ ላይ ቅርፊቱን ይፍቃሉ። ጨውና አመድ ያው።

መፋቂያ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም በሁለት ጫፍ የሚሟገቱበት ነገር ነው። አንዱ ወገን «ኋላ ቀር» ይለዋል፣ ሌላው «አያቶቻችን ጥርሳቸው የማይነቃነቅ ነበር» ይላል። አያቶቻችን ስኳርም አልነበራቸውም! የወይራ ወይም የልምጭ መፋቂያ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከለሰለሰና በትዕግሥት ከተፋቀ ቆሻሻን በሚገባ ያነሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም በልማድ ባለበት አገር ጥቅም ላይ እንዲውል አበረታቷል። ድክመቱ ሁለት ነው። የኋላ መንጋጋ ውስጠኛ ጎን ላይ ለመድረስ ያስቸግራል፤ ፍሎራይድም የለውም። ለትልቅ ሰው ጥሩ ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ግን ድዱን ይወጋዋል እንጂ መንጋጋው ጋ አይደርስም። ብሩሽ መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ንጹሕ ጨርቅ ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ያቺን የሩዝ ፍሬ የምታህል የጥርስ ሳሙና ቢያሽበት ይሻላል።

ቫርኒሽ። ክሊኒክ ውስጥ ጥርስ ላይ የሚቀባ ወፍራም ፍሎራይድ ነው። ጥንካሬው 22,600 ነው፤ ከጥርስ ሳሙናው ጋር አነጻጽሩት። ወዲያው ስለሚደርቅ የሚዋጠው ጥቂት ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፣ መርፌ የለውም፣ ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ተኝቶ ይቀባል። ብዙውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ፣ ጥርሱ ቶሎ ቶሎ ለሚበላ ልጅ በየሦስት ወሩ ይደገማል። ለአንድ ቀን ጥርሱ ቢጫ ሊመስል ይችላል። ነጩን ምልክት ወደነበረበት ሊመልሱ ከሚችሉ ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው።

ሲላንት። የመንጋጋ ሽንቁሮች ላይ የሚፈስና የሚደርቅ መሸፈኛ ነው። ሲላንት የሚጠቅመው በተለይ ለአንድ ጥርስ ነው፤ ያ ጥርስ ደግሞ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነው። ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ጀርባ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ፣ ማንም ሳያየው፣ ጣራ ላይ የሚወረወር ነገር ሳይኖር። ስለዚህ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። ቋሚ ነው! የዕድሜ ልክ ነው። የሚበላውም ገና በወጣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ለመከላከያ የምታወጡት ገንዘብ ለአንድ ጊዜ ብቻ ከበቃ፣ ለዚህ ጥርስ ሲላንት አድርጉበት።

በፍሎራይድ መጉመጥመጫ ከ6 ዓመት በታች አይሰጥም፣ ይውጡታል። በዚሁ ልለፈው።

ስምጥ ሸለቆ ለምትኖሩ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይለወጣል። ወንጂ፣ መቂ፣ ባቱ፣ የአዳማና የሐዋሳ ዙሪያ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ውኃቸው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሟሟ ፍሎራይድ በብዛት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ከሕፃንነቱ ይሄን እየጠጣ ያደገ ልጅ ቋሚ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ልጁ ስላልቦረሸ አይደለም፤ ጥርሱ አጥንት ውስጥ ሲሠራ ነው የተበላሸው። በቦረሹት አይለቅም። በ1954 እ.ኤ.አ. ስኳር ፋብሪካ የተከፈተባት ወንጂ በስኳር ሳይሆን በውኃዋ ጥርሷ መታወቁ የሚገርም ነገር ነው።

እዚህ አካባቢ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ውኃው ላይ አውሉት። ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ የዝናብ ውኃ፣ ከሌላ ምንጭ የመጣ የቧንቧ ውኃ፣ ወይም ፍሎራይድ የሚያጣራ የተቃጠለ አጥንት ማጣሪያ። ማፍላት አይጠቅምም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ይወፍራል። የጥርስ ሳሙናውን ግን አትተዉት፤ መጠኑን ጠብቁ፣ መትፋቱን አስተምሩ። ቡናማ ጥርስ አይበላም ያላችሁ ካለ አትመኑት።

የአዲስ አበባ ነዋሪ ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከድሬ ግድብ የሚመጣ ውኃ የሚጠጣ ከሆነ ይሄ አያስጨንቀው።

ከተበላ በኋላ ያሉ አማራጮች

መጠበቅና መቀባት። ነጩ ምልክት ላይ ብቻ ይሠራል። ስኳሩን መቀነስ፣ በፍሎራይድ መቦረሽ፣ ቫርኒሽ። ጉድጓድ ካለ «ትንሽ እንየው» ማለት ጉድጓዱ እስኪሰፋ መጠበቅ ነው።

ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ። በአጭሩ ኤስዲኤፍ ይሉታል። ብርና ፍሎራይድ ያለበት ጠብታ ነው። ጉድጓዱ ይደርቃል፣ በትንሽ ብሩሽ ይቀባል፣ አለቀ። ቁፋሮ የለም፣ መርፌ የለም። ጉድጓዱን አይሞላውም፤ መብላቱን ያቆመዋል። በጥናት እንደታየው ከአሥር ጉድጓድ ስምንት ያህሉን ያቆማል፤ በየስድስት ወሩ ሲደገም ደግሞ ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ዋጋው? የተበላው ቦታ ጥቁር ይሆናል። ቡናማ አይደለም፣ ጥቁር። ለዘለቄታው። ሌሊት ለሚያም ወይም ድዱ ለቆሰለ ጥርስ አይሆንም፤ ለብር አለርጂ ላለበት ልጅም አይደረግም። ሁሉም ክሊኒክ አይኖረውም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

የትንሹን ልጄን የፊት ጥርሶች በዚህ ነው ያቆምኩት። የልደቱ ፎቶ ላይ አራት ጥቁር ጥርስ ይታያል። እናቴ «ልጁን አበላሻችሁት» ብላ አንድ ወር አኩርፋለች። ሌላው አማራጭ ሙሉ ማደንዘዣ ነበር። የሁለት ዓመት ልጅ ለአራት የፊት ጥርስ ሙሉ ማደንዘዣ ከሚወስድ ጥቁር ጥርስ ይዞ ቢስቅ ይሻለኛል። ይሄ የኔ ሚዛን ነው፤ የእናንተ ሊለይ ይችላል።

ሙሌት። ሦስት ዓይነት ያቀርቡላችኋል። ግላስ አዮኖመር የሚባለው ትንሽ እርጥበት ይችላል፣ ፍሎራይድ ይለቃል፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ ተጠርጎ ሊሞላ ይችላል። ያለ ማሽን የሚሠራው ይሄ ዘዴ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ታንዛኒያ ውስጥ ነው የተጀመረው፤ መብራት በሌለበት የገጠር ጤና ጣቢያ እንዲሆን ታስቦ። ኮምፖዚት ነጭና ቆንጆ ነው፤ ግን ጥርሱ ድርቅ ብሎ መቆየት አለበት፣ ልጁም ዝም ብሎ መቀመጥ። አማልጋም ግራጫው ነው፣ ጠንካራ ነው፤ ሜርኩሪ ስላለበት የአውሮፓ ኅብረት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች መጠቀሙን አስቁሟል። ለልጄ አልመርጠውም።

ሙሌት ጥሩ የሚሆነው ጉድጓዱ የማኘኪያው ገጽ ላይ ብቻ ሲሆን ነው። ጉድጓዱ በሁለት መንጋጋ መካከል ከሆነ የወተት ጥርስ ላይ የሚሠራ ሙሌት ቶሎ ይወድቃል። የልጄ እንደዚያ ነበር። «ይሞላ» ያለው ክሊኒክ ይሄን አልነገረኝም፤ ብስማማ ኖሮ በዓመት ውስጥ ደግሜ እሄድ ነበር።

የብረት ክራውን። አይዝጌ ብረት ኮፍያ ነው፣ ጥርሱን ሙሉ ይሸፍናል። በተለመደው መንገድ ጥርሱ ተደንዝዞና ተሞርዶ ይገጠማል። ሌላም መንገድ አለ። ስኮትላንድ ውስጥ ኖርና ሆል የተባለች የጥርስ ሐኪም ያስለመደችው ዘዴ ሆል ይባላል። መርፌ የለም፣ ቁፋሮ የለም፤ የተበላው እንኳ አይጠረግም። ኮፍያው በማጣበቂያ ተሞልቶ ጥርሱ ላይ ይጫናል። ባክቴሪያው ውስጥ ታሽጎ ስኳር ስለማያገኝ ይቆማል። መጀመሪያ ስሰማ «ቆሻሻውን ደፍኖ ማለፍ» መስሎኝ ነበር። ግን ሆነ፣ በተደጋጋሚ ተጠንቷል፣ የወተት መንጋጋ ላይ ከተራ ሙሌት ይበልጣል። ነርቩ ካልተነካ ብቻ። ለጥቂት ቀን ልጁ ሲነክስ ከፍ ይልበታል፤ በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። ጥርሱ ሲወድቅ ኮፍያውም አብሮት ይወድቃል።

መነሻ ዋጋው ከሙሌት ይበልጣል። ግን አንድ ጊዜ ይከፈላል። ልጄ አሁን 8 ዓመቷ ነው፤ ክራውኗ እስካሁን አለ። ትምህርት ቤት «የብር ጥርስ አላት» ተብላ ጉረኛ ሆናለች።

የነርቭ ሕክምና። ሕመሙ ሌሊት ከሆነ፣ ግን ጥርሱ ገና ብዙ ዓመት ከቀረው። የተጎዳው ነርቭ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ መድኃኒት ይሞላል፣ ከላይ ክራውን ይደረጋል። መርፌ ያስፈልገዋል፣ ውድ ነው፣ ልጁ የሚተባበር መሆን አለበት። ክራውኑን ትተው «በሙሌት እንዝጋው» ካሏችሁ ጥርሱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

መንቀል። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ሕመሙን ያጠፋል። ብዙ ቦታ የሚገኘውም እሱ ነው። መግል የያዘ፣ ሥሩ ድረስ የበሰበሰ ወይም ሊወድቅ ጥቂት የቀረው ጥርስ ከሆነ ትክክለኛው መልስ ነው። የፊት ጥርስ ቢነቀልም ቦታው ብዙ አይጠብም።

መንጋጋ ግን ሌላ ነገር ነው። የአምስት ዓመት ልጅ የመጨረሻው የወተት መንጋጋ ቢነቀል፣ ከጀርባ ሊወጣ ያለው ቋሚ መንጋጋ ወደ ፊት ተንሸራቶ ቦታውን ይይዛል። በ11 ዓመቱ የሚመጣው ጥርስ መግቢያ ያጣል። ጥርስ በጥርስ ላይ ይደራረባል። ያኔ ሽቦ ማሰር ይመጣል፤ የሱን ዋጋ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? መንቀል ግድ ከሆነ «ቦታ መጠበቂያ ይደረግለታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አማራጭ ያልሆኑት

አንቲባዮቲክ ብቻውን ጥርስ አያድንም። እብጠቱን ለጊዜው ያበርደዋል፤ ምንጩ ጥርሱ ውስጥ ስላለ ተመልሶ ይመጣል። ሐኪም ሲያዝዘው ከሕክምናው ጋር ነው። ቴትራሳይክሊን ደግሞ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ቋሚ ጥርሱን ያጠቁረዋል።

ቅርንፉድ ለትልቅ ሰው ለጊዜው ያደነዝዛል። ዘይቱ ግን ሕፃን ቢውጠው መርዝ ነው። ነጭ ሽንኩርት ድድ ያቃጥላል። አረቄ የልጅ አፍ ውስጥ ምን ይሠራል? አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፣ ድድ ላይም አይቀመጥም። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በልጁ ክብደት ተሰልቶ በቂ ነው።

ግግ ማስወጣትም እዚህ ይግባ። ያ ድዱ ላይ የሚታየው ነጭ እብጠት ትል ወይም የተቅማጥ ምክንያት አይደለም። ሊወጣ ያለ ጥርስ ነው። በመንቀል ሕፃን ደም ይፈሰዋል፣ ይመረቅዛል፤ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ይበላሻል።

በአንድ ዕይታ

| አማራጭ | የሚሆነው ለ | መርፌ | ወጪ | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|---|
| ቫርኒሽና ክትትል | ነጭ ምልክት | የለም | ዝቅተኛ | ጉድጓድ ካለ አይበቃም |
| ኤስዲኤፍ | የማያም ጉድጓድ፣ ትንሽ ልጅ | የለም | ዝቅተኛ | ጥቁር ያደርጋል፣ ይደገማል |
| ግላስ አዮኖመር ሙሌት | ትንሽ ጉድጓድ፣ ማኘኪያው ገጽ ላይ | አብዛኛውን ጊዜ የለም | መካከለኛ | በጥርስ መካከል ቶሎ ይወድቃል |
| ኮምፖዚት ሙሌት | እንደ ላይኛው፣ የሚቀመጥ ልጅ | ሊኖር ይችላል | ከመካከለኛ በላይ | እርጥበት አይወድም |
| የብረት ክራውን | ሰፊ ወይም በመካከል ያለ ጉድጓድ፣ ነርቩ ጤነኛ | በሆል ዘዴ የለም | ከፍ ያለ፣ አንዴ ብቻ | መልኩ |
| የነርቭ ሕክምና ከክራውን ጋር | የሌሊት ሕመም፣ ብዙ ዓመት የቀረው መንጋጋ | አለ | ከሁሉ ከፍተኛ | ረጅም ቀጠሮ |
| መንቀል | የመገለ ወይም ሊወድቅ የደረሰ | አለ | ዝቅተኛ፣ በኋላ ሊጨምር ይችላል | ቦታው ይዘጋል |

ለማን የትኛው?

እጃችሁ አጠር ካለ፦ 1000 እና ከዚያ በላይ የሚል የጥርስ ሳሙና፣ ማታ ከመኝታ በፊት በእናንተ እጅ። ጡጦ በሌሊት ውኃ ብቻ። ከተበላም መጀመሪያ የመንግሥት ሆስፒታል ጥርስ ክፍል ሂዱ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ጠዋት በጊዜ ተነሱ።

ልጁ ከ3 ዓመት በታች ከሆነና የማያመው ከሆነ ኤስዲኤፍን ፈልጉ። ከሌለ ቫርኒሽ እየተቀባ፣ ስኳሩ እየተቀነሰ፣ መቀመጥ እስኪችል መግፋት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

ከ4 እስከ 7 ዓመት የሆነ፣ መንጋጋው የተበላ፣ ሌሊት የማያመው፦ ክራውን። ብድር ቢያስፈልግ እንኳ እላለሁ።

ከ9 ዓመት በላይ ከሆነና የወተት መንጋጋው ከተበላ ብዙ ወጪ አታውጡ። ካመመው ይነቀል፤ ካላመመው ቀላል ሙሌት ወይም ኤስዲኤፍ እስኪወድቅ ያደርሰዋል። ያንን ገንዘብ የስድስት ዓመቱ ቋሚ መንጋጋ ላይ አውሉት።

ከከተማ ርቃችሁ የምትኖሩና ለዓመት በዓል ወይም ለጉዳይ ብቻ የምትመጡ ከሆነ፣ ብዙ ቀጠሮ የሚጠይቀውን አትጀምሩ። ግማሽ ላይ የቀረ የነርቭ ሕክምና ካልተጀመረ ይከፋል።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ እስራኤል ውስጥ የልጆች የጥርስ ሕክምና እስከ 18 ዓመት በጤና መድኑ ውስጥ ነው፤ የማያውቅ ወላጅ በግል ሲከፍል ሰምቻለሁ። አሜሪካ ውስጥ ልጃችሁ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ካለው የጥርስ ሕክምናውን ይሸፍናል። ለእረፍት ስትመጡ እዚህ «በርካሽ እናስነቅለው» ከማለታችሁ በፊት እዚያው ያላችሁን መብት አጣሩ።

አንድ ነገር ግን በምንም መለኪያ አይመዘንም። የልጁ ፊት ወይም አንገት ካበጠ፣ እብጠቱ ወደ ዓይኑ ከሄደ፣ ትኩሳት ካለው፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው የጥርስ ክሊኒክ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

ለቀረው ግን አንድ ቀን መጠበቅ ይቻላል። ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ነርቩ ተነክቷል? ጥርሱ በስንት ዓመቱ ይወድቃል? ጉድጓዱ በጥርሶች መካከል ነው ወይስ ከላይ? ከተነቀለ ቦታውን ምን ይጠብቀዋል? ኤክስሬይ ሳያነሱ «ይነቀል» ወይም «ነርቩ ሞቷል» ካሏችሁ አመስግናችሁ ውጡ። እኔን ሦስተኛው ክሊኒክ «ነርቩ ጋ ደርሷል» ያለኝ በዓይኑ ዓይቶ ነው። አራተኛው ቦታ ኤክስሬይ ሲነሣ አልደረሰም ነበር። ኤክስሬዩን ስታነሱ ደግሞ በስልካችሁ ፎቶ ያዙት፤ ሌላ ቦታ ብትሄዱ እንደገና እንዳትከፍሉ። እኔ ለትንሹ ልጄ ያንን ረስቼ ሁለቴ ከፍያለሁ።